ከኩፓት ሆሊም እስከ ጎረቤት ደጃፍ፦ የማኅበረሰብ የጤና ፕሮግራሞች ለቤተሰቦቻችን ምን ይሠራሉ?

በዚህ ጽሑፋችን ብዙ ወገኖቻችን ስለሚጠይቁን ጉዳይ እናቀርባለን። ይኸውም በሕክምና ጣቢያዎችና በየሠፈሩ በአማርኛና በትግርኛ ስለሚሠሩት የጤና አገናኞች፣ ስለ አስተርጓሚዎቹ፣ እንዲሁም በቤታቸው ታመው ለተኙ ጎረቤቶቻችን ስለሚሰጠው እርዳታ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው የእስራኤል የጤና መድን ሕግ በ1994 ወጥቶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በዚህ ሕግ መሠረት ማንኛውም የአገሪቱ ነዋሪ ክላሊት፣ መካቢ፣ መኡሄደት ወይም ለኡሚት ከሚባሉት ከአራቱ ኩፓት ሆሊም በአንዱ ይመዘገባል። የታመመ ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ ድሃ ነው ተብሎ የሚመለስ የለም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በጎንደር ገጠር ሐኪም ለማየት የአንድ ቀን መንገድ በእግር ወይም በበቅሎ ይሄድ ለነበረ ሰው ነገሩ ምን ያህል እንደሆነ ወላጆቻችን ያውቁታል። ነገር ግን ካርዱን በኪስ መያዝ አንድ ነገር ሲሆን፣ ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ ሕመሙን ማስረዳትና መልሱን መረዳት ሌላ ነገር ነው። የማኅበረሰብ የጤና ፕሮግራሞች የተጀመሩትም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ምክንያት ነው።

አገናኙ ማን ነው?

በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በኋላም በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡት ወገኖች በየመርካዝ ክሊታው ሲሰፍሩ፣ ሐኪሞቹ አማርኛ አያውቁም፣ ታካሚዎቹም ዕብራይስጥ አይሰሙም ነበር። በዘመቻ ሰሎሞን ብቻ ከአንድ ቀን ተኩል ባነሰ ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰው ነው የገባው። ሐኪሙ እጁን እያወናጨፈ፣ ታካሚውም አንገቱን እየነቀነቀ ይለያዩ ነበር። አንገት መነቅነቅ ደግሞ በእኛ ዘንድ አክብሮት ነው እንጂ ሁልጊዜ ገብቶኛል ማለት አይደለም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በክላሊት የሕክምና ጣቢያዎች ውስጥ «ረፉአ ሽለማ» የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ። ስሙ «ሙሉ ፈውስ» ማለት ሲሆን፣ ለታመመ ሰው ከሚባለው የዕብራይስጥ ምርቃት የተወሰደ ነው። የፕሮግራሙ ዋና ሐሳብ ከማኅበረሰቡ የወጡ፣ ሁለቱንም ቋንቋና ሁለቱንም ባህል የሚያውቁ ሰዎችን አሠልጥኖ በሐኪሙና በታካሚው መካከል ማስቀመጥ ነበር። እነዚህ ሰዎች በዕብራይስጥ መጋሼሪም ይባላሉ፤ ድልድይ የሚዘረጉ ማለት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ አገናኝ እንላቸዋለን።

አገናኝ ከአስተርጓሚ ይለያል። አስተርጓሚ የተባለውን ቃል ያስተላልፋል። አገናኝ ግን ታካሚዋ ያልተናገረችውን ለሐኪሙ ያስረዳል፣ ሐኪሙ ያዘዘው ነገር በቤት ውስጥ ሊፈጸም የሚችል መሆኑን ይመለከታል፣ ቀጠሮ ያስይዛል፣ የሪፈራል ወረቀቱ (ሀፍናያው) የት እንደሚወሰድ ያሳያል፣ ከቀጠሮው የቀረውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ለሐኪሙም አስተማሪ ነው። ለምሳሌ ሽማግሌን በስሙ ብቻ ጠርቶ ማዘዝ ነውር መሆኑን፣ ሴት ልጅ በአባቷ ፊት ስለ ወር አበባዋ እንደማትናገር የሚነግረው እሱ ነው።

በ1998 በሀደራ ከተማ በሂሌል ያፌ ሆስፒታል የስኳር በሽታ ሐኪም በነበሩት በዶክተር አናት ያፌ አነሳሽነት «ጤና ብሪኡት» የተባለው ማኅበር ተቋቋመ። ስሙን ልብ ይሏል፤ ጤና በአማርኛ፣ ብሪኡት ደግሞ ያው ጤና በዕብራይስጥ ነው። በዕብራይስጥ ሲጻፍ ደግሞ «ጤና» የሚለው ቃል የመጀመሪያው ፍሬ ወደ ቤተ መቅደስ የሚመጣበት ቅርጫት ስም ይሆናል። ማኅበሩ ከማኅበረሰቡ የተወለዱ ባለሙያዎችን ይዞ በአማርኛ የጤና ትምህርት በመስጠት፣ ጽሑፍና ፊልም በማዘጋጀት፣ በስልክ የሕክምና ትርጉም በማቅረብ ሲሠራ ቆይቷል።

«ልቤን አመመኝ»

የአገናኝ ሥራ ለምን እንደሚያስፈልግ ከአንድ ቃል መረዳት ይቻላል። አንዲት እናት «ልቤን ያመኛል» ብትል፣ ቃሉን ብቻ የሚያውቅ ሰው «ልብ» የሚለውን «ሌቭ» ብሎ ይተረጉመዋል። ሐኪሙም ደንግጦ ለልብ ምርመራ ይልካታል። እሷ ግን እጇን የምታሳርፈው ከእምብርቷ ከፍ ብሎ ጨጓራዋ ላይ ነው። በገጠር አማርኛ ልብ ያቅለሸልሻል፣ ልብ ይደክማል፣ ልብ ይጠፋል። ሆድም እንዲሁ የምግብ ቦታ ብቻ አይደለም። «ሆዴ ተቃጠለ»፣ «ሆዴ ባባ»፣ «በሆዴ ይዤዋለሁ» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ ሐዘኑ ነው። በሱዳን መንገድ ልጇን ቀብራ የመጣች እናት ሆዴን ያቃጥለኛል ስትል የጨጓራ መድኃኒት ብቻ ተሰጥቷት ብትመለስ፣ ሐኪሙ አልዋሸም፣ እሷም አልዋሸችም፤ መድኃኒቱ ግን ሕመሟን አያገኘውም።

ሌላው የመርዶ ጉዳይ ነው። በአገራችን መርዶ በማለዳ፣ ሽማግሌዎችና ዘመድ ተሰብስበው፣ ሰውየው ብቻውን ሳይሆን ይነገራል። በእስራኤል ደግሞ በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግ ስለ ሕመሙ ማወቅ የታካሚው የራሱ መብት ነው ይላል። ስለዚህ ሐኪሙ «ካንሰር አለብዎት» ብሎ ፊት ለፊት ለሽማግሌው ይናገራል። ሽማግሌውም እንደ ተረገሙ ቆጥረው ዳግመኛ ወደ ሕክምና አይመለሱም። ጥሩ አገናኝ እዚህ ላይ የሚያደርገው ሕጉን መጣስ አይደለም። አስቀድሞ ሽማግሌውን «ውጤቱ ሲመጣ ከማን ጋር ሆነው መስማት ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ታላቅ ልጃቸውን ወይም ወንድማቸውን ከጠሩ፣ ሐኪሙ ሁሉም ባሉበት ይናገራል። በዚህ መንገድ ሕጉም ባህሉም ይጠበቃል።

ልጅ አስተርጓሚ አይሁን

በብዙ ቤተሰብ ዕብራይስጥ የሚችለው ልጅ ስለሆነ ከትምህርት ቤት ቀርቶ እናቱን ወደ ሐኪም ይዞ ይሄዳል። እኛ ይህን እንደ ቀላል ነገር አንመለከተውም። የ12 ዓመት ልጅ እናቱ ስለ ማኅፀኗ የምትናገረውን እንዲተረጉም ሲጠየቅ ሁለቱም ያፍራሉ፤ ስለዚህ እናት ትደብቃለች፣ ልጁም ያሳጥራል። አባት በልጁ አፍ «ካሁን በኋላ አልኮል አትጠጣ» ሲባል ደግሞ በቤቱ ያለው ሥልጣን ይገለበጣል። ከሁሉም የከፋው ልጁ «በቀን አንድ» የሚለውንና «በቀን ሦስት» የሚለውን ካደባለቀ ጥፋቱን ዕድሜ ልኩን ሲሸከመው መኖሩ ነው።

የጤና ሚኒስቴር በ2011 የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ለታካሚው እንዲስማማ እንዲያደርጉ የሚያዝ መመሪያ አውጥቷል። ከዚያ ወዲህ በስልክ የሚሰጥ የሕክምና ትርጉም በአማርኛ ጭምር ይገኛል። የሚኒስቴሩ የስልክ መስመር «ኮል ሀብሪኡት» ሲሆን ቁጥሩ ኮከብ 5400 ነው። በሕክምና ጣቢያው ውስጥ ሳሉ ደግሞ ወንድ ከሆኑ «አኒ ጻሪክ ቲርጉም ለአምሃሪት»፣ ሴት ከሆኑ «አኒ ጽሪካ ቲርጉም ለአምሃሪት» ማለት ይበቃል። ይህን ዓረፍተ ነገር ለወላጆችዎ በፊደል ጽፈው በካርዳቸው ጀርባ ቢያያይዙላቸው ጥሩ ነው። ጸሐፊዋ ሥራ በዝቶባት «ልጅሽ ይተርጉም» ብትል እንኳ ጥያቄውን በትሕትና መድገም ይገባል፤ እያስቸገሩ አይደለም፣ የሚጠይቁት የሚገባዎትን ነው።

ስኳር፦ ከእኛ ጋር ያልመጣ በሽታ

ከሁሉ አስፋፍተን ልንጽፍበት የምንፈልገው የስኳር በሽታ ነው፤ የጤና አገናኞች አብዛኛውን ድካማቸውን የሚያደርጉት በእርሱ ላይ ነውና። ወገኖቻችን ከኢትዮጵያ እንደ ገቡ በተመረመሩበት ጊዜ የስኳር በሽታ ከሞላ ጎደል አልነበረም። ጥቂት ዓመታት እንደ ቆዩ ግን በወጣቶቹ ላይ ሳይቀር መታየት ጀመረ፤ ዛሬ በማኅበረሰባችን ውስጥ ያለው መጠን ከሌላው የእስራኤል ሕዝብ ይበልጣል። ሐኪሞችን በተለይ ያስገረማቸው፣ በእኛ ሰው ላይ በሽታው ሳይወፍርም የሚመጣ መሆኑ ነው። ስለዚህ «እኔ ቀጭን ነኝ፣ ስኳር አይነካኝም» የሚለው አባባል ለእኛ አይሠራም።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በገጠር ውኃ ለመቅዳት፣ ገበያ ለመውጣት፣ ከብት ለመጠበቅ ቀኑን ሙሉ በእግር ይኬድ ነበር፤ እዚህ አውቶቡስና አሳንሰር አለ። የጤፍና የማሽላ እንጀራ ቦታ በነጭ ዳቦና በነጭ ዱቄት ተተካ። ጤፍ ውድ ሲሆን ብዙ እናቶች ነጭ ዱቄት ወይም ሩዝ ይደባልቃሉ፤ እንጀራው መልኩን ቢይዝም በሰውነት ውስጥ የሚሠራው ሌላ ነው። ኮካ ኮላና «ፔቴል» የሚባለው ጣፋጭ ጭማቂ እንግዳ ማክበሪያ ሆነዋል። ሦስት ጊዜ በሚፈላው ቡና ላይ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ቢገባ፣ ከአቦል እስከ በረካ ስድስት ማንኪያ ነው፤ ሁለት ጎረቤት ዘንድ የጠጣ ደግሞ አሥራ ሁለት።

የጤና አገናኞቹ ብልኀት እዚህ ላይ ነው። ቡና ተዉ አይሉም፤ ቡናውን ተዉ ማለት ጎረቤትን ተዉ ማለት ነው። ይልቁንም እዚያው ቡናው ዙሪያ ተቀምጠው የተጨመረውን ስኳር በብርጭቆ ሰፍረው ያሳያሉ። የእንጀራውን ዱቄት ከእናቶቹ ጋር ይመለከታሉ፣ ሽሮና ምስር ከነጭ ሩዝ እንደሚሻል ይነግራሉ፣ ሴቶችን ሰብስበው ማታ ማታ በሠፈሩ ዙሪያ በእግር ይሄዳሉ። በወረቀት ከሚሰጥ የምግብ ዝርዝር ይልቅ ይህ ይሠራል፤ የሐኪም ቤቱ ዝርዝር «ሁለት ቁራጭ ዳቦ» ይላል እንጂ ስለ እንጀራ አይናገርም።

ሁለተኛው ችግር ስለ መድኃኒት ያለን አስተሳሰብ ነው። በአገራችን መድኃኒት እስኪድኑ የሚወሰድ ነገር ነበር። ክኒኑን ወስዶ ደኅና የተሰማው ሰው ያቆመዋል፤ ደኅና ሆኗላ! ስኳር ግን ሳያም የሚያጠፋ በሽታ ነው፤ ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ የእግርን ነርቭ በዝምታ ይበላል። ሌላው የሚያስደንቅ ነገር ደግሞ መርፌ ነው። በኢትዮጵያ ሳለን መርፌ ያልወጋ ሐኪም ሐኪም አይባልም ነበር። የኢንሱሊን መርፌ ሲታዘዝ ግን ያው ሰው «አለቀልኝ ማለት ነው» ብሎ ይሸሻል፤ በሠፈሩ ኢንሱሊን ጀምሮ እግሩ የተቆረጠ ሰው አይቷልና። እግሩ የተቆረጠው ግን ኢንሱሊን በመጀመሩ ሳይሆን ዘግይቶ በመጀመሩ ነው። ይህን ከሐኪሙ ይልቅ ኢንሱሊን እየወሰደ ሃያ ዓመት የኖረ ጎረቤት ቢናገረው ይታመናል። ስለዚህም አንዳንድ አገናኞች እንዲህ ያለውን ጎረቤት ይዘው ይሄዳሉ።

የስኳር በሽተኛ የሆነ ሁሉ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ («ሄሞግሎቢን ኤ አንድ ሲ» የሚባለውን) በሐኪሙ ቀጠሮ መሠረት ማድረግ፣ በየዓመቱ ዓይኑንና የሽንቱን ፕሮቲን ማስመርመር፣ እግሩን ደግሞ በየዕለቱ ራሱ ወይም ልጁ ማየት አለበት። በእግር ጣቶች መካከል ያለ ትንሽ ቁስል እንኳ በቤት ቅጠልና ቅባት ብቻ መቆየት የለበትም።

ስለ ጾምም እንጨምር። በስግድ ዕለት፣ ማለትም በሔሽቫን 29፣ ብዙ ሽማግሌዎች ወደ ኢየሩሳሌም ወጥተው እስከ ጸሎቱ ፍጻሜ ይጾማሉ፤ የኪፑርም ጾም አለ። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር ክኒን ወስዶ ምግብ አለመብላት የደም ስኳርን በድንገት ያወርዳል፤ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ራሱን ይስታል። በሌላ በኩል ጾሙን ላለማፍረስ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ መተውም አደጋ ነው። ከጾሙ አንድ ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪምን ማማከር፣ ከዚያም ቄሶቻችንን ወይም ረቢውን መጠየቅ ይገባል። ነፍስን ማዳን ከሌላው ትእዛዝ እንደሚቀድም («ፒኩዋህ ኔፌሽ») እነሱው ይነግሩናል። የሐኪም ቃል ያልሰሙ አባት የቄስ ቃል ሰምተው ውኃ ሲጠጡ አይተናል።

ያልሻረ ቁስል

ስለ ጤና ፕሮግራሞች ስንጽፍ ብዙ ሰው ስለ ምን እንደሚጠራጠር ዘለን ማለፍ አንችልም። በጃንዋሪ 1996 ማጌን ዳቪድ አዶም ከማኅበረሰባችን የተለገሰውን ደም ሳይነግር ይደፋ እንደ ነበር ጋዜጣ አወጣ። ጃንዋሪ 28 በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ወጡ፤ ከፖሊስ ጋር ግጭት ሆኖ ብዙዎች ቆሰሉ። ጉዳዩን እንዲያጣራ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚሽን ተሰየመ። በኋላም በ2012 መጨረሻ በቴሌቪዥን የቀረበ ምርመራ ሴቶቻችን ዴፖ ፕሮቬራ የተባለውን የወሊድ መከላከያ መርፌ በሚገባ ሳይነገራቸው ይወጉ እንደ ነበር አሳየ። በጃንዋሪ 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ሴቲቱ የመርፌውን ጉዳይ መረዳቷ ካጠራጠረ ማዘዣው እንዳይታደስ ለኩፓት ሆሊም መመሪያ ላኩ። የመንግሥት ተቆጣጣሪው በ2016 በግዴታ መርፌ እንደ ተሰጠ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። ብዙ እናቶች ግን የሚሉት ሌላ ነው፤ አስገድዶ መያዝና ሳያስረዱ መውጋት ለተወጋችው ሴት ምን ያህል ይለያያል?

ይህን የምናነሳው ሰው ከሕክምና እንዲሸሽ አይደለም። አገናኙ በር ሲያንኳኳ የሚያገኘው ዝምታ ከየት እንደመጣ እንዲታወቅ ነው። ሐኪሙ ያዘዘው ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ ሌላ አማራጭ ካለ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በማንኛውም ወረቀት ላይ ከመፈረምዎ በፊት በአማርኛ እንዲነበብልዎ ይጠይቁ።

የታመመ ጎረቤት

በማኅበረሰባችን የታመመን መጠየቅ ማንም ሳያዝዝ የሚደረግ ነው። ለቅሶ ላይ ማን እንደሚቀመጥ፣ እንጀራውን ማን እንደሚጋግር፣ የእድሩን ገንዘብ ማን እንደሚሰበስብ ይታወቃል። በ2020 በኮሮና ጊዜ ለቅሶ መቀመጥ በተከለከለ ጊዜ ያዘነው ሰው በስልክ ብቻ ሲጽናና ምን ያህል እንደ ከበደን ሁላችንም እናስታውሳለን። ይሁን እንጂ ይህ መረዳዳት ለአንድ ሳምንት ይበረታል እንጂ ለአምስት ዓመት አልጋ ላይ ለሚውል ሰው አይበቃም። ብዙ ሽማግሌዎች አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ልጆቹ ሥራ ይውላሉ፤ ያቺ ጎበዝ ጎረቤትም ታረጃለች።

ለዚህ የሚረዱ ሁለት ነገሮችን እንጥቀስ። አንደኛው ያድ ሳራ ነው። በ1976 በኢየሩሳሌም የተመሠረተ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት ሲሆን፣ በአገሪቱ ሁሉ ባሉት ቅርንጫፎቹ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ክራንች፣ መታጠቢያ ቤት የሚቀመጥ ወንበርና የመሳሰለውን ያውሳል። መያዣ ገንዘብ ይከፈላል፤ ዕቃው ሲመለስ ገንዘቡ ይመለሳል። ለሁለት ወር ብቻ ለሚያስፈልግ ዕቃ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ መግዛት አያስፈልግም።

ሁለተኛውና ትልቁ የቢቱዋህ ለኡሚ የ«ሲዑድ» መብት ነው። የጡረታ ዕድሜ ደርሶ በቤቱ የሚኖር፣ ለመልበስ፣ ለመታጠብ፣ ለመብላት፣ ለመንቀሳቀስ የሰው እርዳታ የሚያስፈልገው፣ ወይም አእምሮው ደክሞ ጠባቂ የሚሻ ሰው ይህን መጠየቅ ይችላል። ገቢም ይታያል። ከኖቬምበር 2018 ጀምሮ መብቱ በስድስት ደረጃዎች ተከፍሏል፤ እንደየደረጃው በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ረዳት (መታፔሌት) ወደ ቤት ትመጣለች። አማርኛ የምትናገር ረዳት እንድትመደብ ከኩባንያው መጠየቅ ይቻላል፤ በብዙ ከተሞችም ትገኛለች።

እዚህ ላይ ግን ወገኖቻችን በተደጋጋሚ የሚሰናከሉበት ነገር አለ። ከቢቱዋህ ለኡሚ ገምጋሚ ወደ ቤት ይመጣል። እናታችን እንግዳ መጣ ብለው በማለዳ ተነሥተው፣ በልጃቸው እየተደገፉ ታጥበው፣ ነጭ ቀሚስና ነጠላ ለብሰው ይጠብቁታል። «እንደምን ነዎት?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላሉ። «ብቻዎን ይታጠባሉ?» ሲባሉ በእንግዳ ፊት፣ ያውም በወንድ ፊት፣ አልችልም ማለት ያሳፍራቸዋልና «አዎን» ይላሉ። ቡና እንዲፈላለትም ያዝዛሉ። ገምጋሚውም ያየውንና የሰማውን ይጽፋል፤ ከሳምንታት በኋላ መብት የለዎትም የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ስለዚህ በዚያ ቀን በየዕለቱ የሚረዳቸው ልጅ ወይም ጎረቤት አብሮ ይቀመጥ፤ አስቀድሞም «እማማ፣ ይህ ሰው እንግዳ አይደለም፣ ለሥራ የመጣ ነው፤ የቸገረዎትን እንዳለ ይንገሩት» ብሎ ያዘጋጃቸው። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሡ፣ መቼ እንደ ወደቁ ተጽፎ ይቀመጥ። የእምቢታ ደብዳቤ ከመጣም ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ጊዜው ግን የተወሰነ ስለሆነ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ሳይገባ በዚያው ሳምንት ለአገናኙ ወይም በከተማው የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ላለችው ሶሻል ወርከር ይታይ። ቢሮው የት እንደሆነ ለማይታወቀው ሰው የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ስልክ 118 ነው።